የቅዳሜዋ ልብስ አጣቢ

«እሷማ እዚያው ትቅር! ማን ብሎ ያነሣታል? የኛን አምስቱን አስመዝግቤያለሁ፤ ይበቃል።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው መሰላል ላይ ቆማ፣ አራት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ የአክስቷን የሳሎን መጋረጃ ስትሰቅል ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከመኝታ ቤት ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አክስቷ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ ሹክ ያሉ ሲመስላቸው እንኳ ቃላቸው ሳሎኑን አልፎ በረንዳ ይደርሳል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ትልቁ ልጃቸው እንደሆነ ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። «ቀስ ብለህ አውራ እንጂ፤» አሉት፣ ራሳቸው እየጮኹ፤ «ልብስ ሰፊዋ እዚሁ መጋረጃ እየሰቀለች ነው፣ ትሰማሃለች። እናቷማ ምን ታውቃለች! የወለደቻት ሴት ሩቅ አገር ሞታ የቀረች ነው የሚመስላት። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትባል ኖራ፣ ዛሬ ተነሥቼ እናትሽ እዚሁ አሮጌው መቃብር ውስጥ ናት ልበላት? ለማን ይጠቅማል? ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያልተመዘገበው ሁሉ አንድ ጉድጓድ ይገባል፤ ነገሩም አብሮ ይቀበራል።»

ልብስ ሰፊዋ ከመሰላሉ አልወረደችም። ስፒሎቹን አንድ ባንድ ከከንፈሯ እያወጣች ደረቷ ላይ ሰካቻቸው። ስለ አሮጌው መቃብር ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ መንገድ ሊሰፋበት ስለሆነ ዘመድ ያለው ሰው ሙታኑን እያስመዘገበ ወደ አዲሱ ስፍራ እንዲያዛውር ማስታወቂያው በየግድግዳው ከተለጠፈ ሦስት ወር አልፎታል። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆም ብላ አላነበበችውም። እዚያ የሚመለከታት ሰው አልነበራትማ! እናቷ ያደገችው እዚህ ቤት፣ በአክስትዬዋ አባት እጅ ነው። የወለደቻት ሴት የቤቱ ጌታ የሩቅ ዘመድ እንደነበረች፣ ሩቅ አገር ስትወልድ እንደሞተች፣ ሕፃኗም በመንገደኞች እጅ ተጠቅልላ እንደመጣች ሲነገር ኖሯል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ከመስማቷ የተነሣ ከመንገደኞቹ አንደኛው አንካሳ እንደነበር ሳይቀር ታውቃለች።

አክስትዬዋ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ወገባቸው አልጎበጠም፣ ዓይናቸውም ገና መርፌ ያያል። ጨርቁን ከላይ እስከ ታች አዩት። የሜትሩ ዋጋ ከሥጋ ኪሎ የሚበልጥ፣ ዓይነ ግቡ ጨርቅ ነው። «ግራው ትንሽ ያጠረ መሰለኝ፤» አሉ።

«አላጠረም እትዬ። ወለሉ ነው የተንጋደደው።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ፊቷን አዩት፤ እሷም ሽንሽኑን ማስተካከል ያዘች። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ከመሰላሉ ወርዳ ቦርሳዋን አነሣች፣ ክር አልቆብኛል ሄጄ ልምጣ አለች፣ የቀኙን መጋረጃ እንደተንጠለጠለ ትታ ወጣች።

መንገድ ላይ እየሮጠች ይሁን እየተራመደች አታውቅም። ሐሳቧ ሁሉ እናቷ ጋ ነው። እናቷ ዕድሜ ልኳን በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ወሬ የማያልቅባት፣ ከሬዲዮ ዜና አንባቢ ጋር ሳይቀር የምትከራከር ሴት ናት። ጎረቤት ሲሞት ቀብር አትቀርም፤ ከቀብር ስትመለስ ግን አንድ ነገር ሳትል አትተኛም። «ሰው ሁሉ ሄዶ የሚያለቅስበት ቦታ አለው፤ እኔ ብቻ ባዶ ሜዳ ነኝ።» ልጅቷ ይህን ስትሰማ ሁልጊዜ ነገር ትቀይራለች፤ ምን ትበላት? አሁን አውቶቡስ ውስጥ በሰው ተጣብቃ ቆማ፣ ያ «ሩቅ አገር» የተባለው ቦታ በአውቶቡስ አምስት ፌርማታ መሆኑን አሰበች።

አሮጌው መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቤት ከጓሮ በኩል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሦስቱ ግድግዳ እስከ ጣሪያ በብረት መደርደሪያ ተሞልቷል፤ ጥጉ ላይ ጣሪያው ለሚያፈሰው የፕላስቲክ ባልዲ ተቀምጧል፤ መዝገቦቹ የረጠበ ጆንያ ይሸታሉ። የመዝገብ ያዡ ጠረጴዛ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ ነው የቆመው። ሽማግሌው ከሦስት ወር ጀምሮ ሰው ሲጎርፍባቸው ስለከረመ ድምፃቸው ሰልሏል።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«አያቴን።»

«ስማቸው?»

«አላውቀውም።»

«የሞቱበት ዓመትስ?»

«እሱንም አላውቅም አባባ።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «እንግዲያው የምታውቂውን ብትነግሪኝ ሁለታችንም እናርፋለን።»

የእናቷን ስምና የተወለደችበትን ዓመት ነገረቻቸው። ሽማግሌው ከሟች ዘንድ የጠፋ ሰው ከተወላጅ ዘንድ ይገኛል ብለው እያጉረመረሙ፣ የክርስትናውን መዝገብ ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱ፤ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው ገለጡት። ገጹን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባቸውም። የእናቷ ስም በደማቅ ጥቁር ቀለም፣ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። የአባት ስም በሚለው ሥር ረጅም ጭረት ብቻ ተሰምሯል። የእናት ስም በሚለው ሥር ውኃ ገብቶ ቀለሙ ፈስሷል፤ ሰማያዊ ጉም የመሰለ ነገር ቀርቷል፤ ከጉሙ በስተቀኝ የተረፈው አንድ ቃል ነው፦ «አጣቢ»። ሽማግሌው ማጉያ መነጽር አወጡ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፣ ከጀርባም አዩት። «ጣሪያው ያፈሰሰው እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፤» አሉ፣ ማንም ሳይከሳቸው። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ኅዳጉ ወሰዱና አነበቡላት፦ ሕፃኗ የሦስት ወር ልጅ ናት፤ እናቷ ራሷ አቅፋ አመጣቻት፤ ሕፃኗ የምታድገው በእነ እከሌ ቤት ነው። ያ ቤት ልብስ ሰፊዋ አሁን መጋረጃ አንጠልጥላ የመጣችበት ቤት ነው። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ትንሽ ጣት ናት፤ የልጅ ጣት ትመስላለች።

ራሷ አቅፋ አመጣቻት። ልብስ ሰፊዋ ያለችበትን ዘነጋች። በወሊድ የሞተች ሴት በሦስተኛው ወር ልጇን አቅፋ አትመጣም። ሩቅ አገር የሚባል ነገር አልነበረም፤ መንገደኞችም አልነበሩም፤ አንካሳውም አልነበረም። «የቀብሩን መዝገብ ያሳዩኝ፤» አለች። ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ብለው ሲጠይቋት ከዚሁ ዓመት አለቻቸው። ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከዚያ ግን ሳይነጫነጩ ሁለት ሁለቱን እያቀፉ ያመጡላት ጀመር።

የቀብር መዝገብ ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ መስመር ነው። ስም፣ ሥራ፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ ረድፍና ቁጥር፣ አስቀባሪ። ሰው ስድሳ ዓመት ለፍቶ እዚህ ሲደርስ ከአንድ ስንዝር አያልፍም። ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያ እያነበበች ታልፍ ነበር፤ ከዚያ ሥራ የሚለውን ዓምድ ብቻ በጣቷ መውረድ ተማረች። ድንጋይ ጠራቢ፣ ከላይ ወደቀ። መንታ ሕፃናት፣ አንድ ሣጥን። ስሙ ያልታወቀ መንገደኛ። አንድ ልብስ አጣቢ አገኘችና ልቧ ዘለለ፤ ዕድሜዋ ግን ሰማንያ ነው። ሌላ አገኘች፤ እሷ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ በዚያ ላይ ወላጆቿ አስቀብረዋታል። ሽማግሌው ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ስላመጡ ግማሹን ቆርሰው ጠረጴዛው ጥግ ላይ አኖሩላት፤ እጇን አላነሣችም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሌሎች ሰዎች እየገቡ የታወቀ ስም ተናግረው፣ የታወቀ ዓመት ተናግረው፣ በአምስት ደቂቃ ወረቀታቸውን አስመትተው ይወጣሉ። እሷ ባለ ስም ሙታን ያላቸውን ሰዎች በቅናት ታያቸው ነበር።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እናቷ ከተወለደች በሠላሳ አንደኛው ዓመት መዝገብ ላይ ጣቷ ቆመ። «ዝምተኛዋ የተባለች፤ ልብስ አጣቢ፤ ዕድሜ ወደ ሃምሳ፤ የሳንባ ሕመም፤ የመጨረሻው ረድፍ።» አስቀባሪ በሚለው ሥር ፊርማ አለ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ፊርማ ማጉያ መነጽር ሳትጠይቅ ነው የለየችው፤ ጭራው ወደ ላይ ተጠምዝዞ ተመልሶ ራሱን የሚያቋርጥ ፊርማ ነው። አክስትዬዋ የልኬት ወረቀት በላኩላት ቁጥር፣ በየበዓሉ ጨርቅ ሲሰጧት፣ ከሥር የሚያኖሩት ያንኑ ነው። በእጇ ቆጠረች። ያኔ እናቷ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። እሷ ራሷ አራት ዓመቷ ነው። ከዚህ መቃብር በሦስት መንገድ ርቀት ላይ ይኖሩ ነበር፤ እናቷ ዳቦ ልትገዛ እጇን ይዛት በዚህ አጥር ሥር ታልፍ እንደነበር ታስታውሳለች።

ሽማግሌው ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አድርገው አዩ። «እኔ አምኜሻለሁ፤» አሉ ቀስ ብለው። «ወረቀቱ ግን አያምንሽም። እዚያ ስሟ ጠፍቷል፣ እዚህ ቅጽል ስም ነው። ያቺ አጣቢና ይቺ አጣቢ አንድ መሆናቸውን የሚመሰክር፣ ያወቃት ሰው አምጪልኝ፤ ፊርማው ይበቃኛል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አለሁ። ከዚያ መዝገቡን ከማዘጋጃ ቤት መጥተው ይወስዱታል፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

አክስትዬዋ ሳሎን ውስጥ፣ ካልተሰቀለው መጋረጃ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ክሩን አገኘሽ ወይ አላሉም። ልብስ ሰፊዋ ሽማግሌው ገልብጠው የሰጧትን ወረቀት ጭናቸው ላይ አኖረችና ቆመች። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ወረቀቱን በጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። ለመናደድም ለመካድም ጊዜ ነበራቸው፤ ሁለቱንም አላደረጉም።

«ሰምተሽኝ ኖሯል፤» አሉ።

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

አክስትዬዋ ወደ መስኮቱ እያዩ ተናገሩ። «አባቴ ናቸው። የእናትሽ አባት የእኔ አባት ናቸው። ይኸው አወጣሁት። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ልጅቷ ልብስ ልታጥብ ትመጣ ነበር፣ ገና ልጅ እግር ናት። ከዚያ ሕፃኗን ይዛ መጣች። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በር ኋላ ቆሜ ሰማሁ። አባባ፦ ሕፃኗ በቤቴ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ከልጆቼ ለይቼ አላያትም አሏት። አንቺ ግን አታውቂያትም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ማጠብ ትችያለሽ፤ እሷ ባለችበት ቃል ከአፍሽ የወጣ ዕለት በሩ ይዘጋል፣ ልጅሽም ከነጨርቋ ትወጣለች አሏት። እሷም ላለመሳሳት ብላ ለማንም መናገር ተወች። ግቢያችን ውስጥ ከማንም ጋር አትነጋገርም። እኛ ልጆቹ ዝምተኛዋ እንላት ነበር፤ ትክክለኛ ስሟን ጠርቼውም አላውቅ።»

«እናቴ ካገባች በኋላስ?»

«መምጣቷን አልተወችም። ልጅሽ ሄዳለች፣ አሁን ምን ትሠሪያለሽ የሚላት የለ። ቅዳሜ ትመጣለች፣ ገንዳው ሥር ትንበረከካለች። እኔ ከሠራተኞቹ ጋር ስለ እናትሽ ሳወራ ማሸቷን ታቆማለች። አንቺ ስትወለጂ፣ ጥርስ ስታወጪ፣ ሁሉንም ገንዳው አጠገብ ቆሜ አወራ ነበር። ሆነ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።» ዓይናቸው ውኃ ሞላ፤ አልጠረጉትም። «ስትሞት ማንም አልነበራት። እኔ ነኝ ያስቀበርኳት። ይሄ አይቆጠርልኝም?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «አባትዎ ከእሷ ቀድመው ሞቱ አይደል እንዴ? ያኔ በሩን የሚዘጋ ማን ነበር? እናቴ ሦስት መንገድ ርቀት ላይ ነበረች እኮ እትዬ። አፈር እንኳ እንድታለብሳት…»

«ቤቱ ነበረ፤» አሉ አክስትዬዋ። «ወንድሞቼ ነበሩ፤ አንድ ወራሽ ሊጨመር ነው ብለው ይበሉኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሴትየዋ ሞተች። ከሞተች በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምረው? ነገር ሲቆይ እኮ አፍ አይገባም።»

ልብስ ሰፊዋ የምስክር ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነግራ ብዕር አውጥታ ሰጠቻቸው፤ አክስትዬዋ ያንኑ ባለ ጭራ ፊርማ ፈረሙ። ወረቀቱን ሲመልሱላት እጇን ያዙ። «ለእናትሽ አትንገሪያት። ወስደሽ አሳርፊያት፣ ለእሷ ግን አትንገሪያት። ትገድያታለሽ።» ልብስ ሰፊዋ እሺም እምቢም ሳትል እጇን አላቀቀችና ወጣች። መዝገብ ቤት ስትደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር፤ ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ሁለት ሰዎች መዝገቦቹን በሣጥን መክተት ጀምረዋል። ሽማግሌው የመጨረሻውን ማኅተም እሷ ወረቀት ላይ መቱት። አፅሟ የሚነሣው ነገ በአራት ሰዓት ነው፤ አዲሱ ቦታ ላይ ቁጥር ይሰጧታል አሏት። ዝምድና በሚለው ሥር ሊጽፉ ሲሉ ቀና ብለው «አያት ልበል?» አሏት። «የልጅ ልጅ ናት ይበሉ፤ አይ፣ አያት ይበሉ፤» አለች። ግራ ገብቷት ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ድንች እየላጠች ሬዲዮኑን ትሳደባለች። «ይሄ ሰውዬ እኮ ነገ ይዘንባል ካለ ልብስ አስጪ ማለት ነው፤ ለእኔ እንደዚያ ነው የሚገባኝ። ምነው ፊትሽ? አክስትሽ ዛሬም አንሷል ረዝሟል ስትል አዋለችሽ?» ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እስከ አውቶቡስ መውረጃው ድረስ አልነግራትም ብላ ቆርጣ ነበር። ነገ ጠዋት ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን አስቀብራ፣ አንድ ቀን ሽርሽር እንሂድ ብላ እዚያ አጠገብ ልታስቀምጣት፤ እንደዚያ ነበር ያሰበችው። አሁን ግን ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«እማዬ፣ ልጅ ሆነሽ እነእትዬ ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት ነበረች?»

«ዝምተኛዋ!» አለች እናቷ፣ ፊቷ በሳቅ በርቶ። «እሷን ደግሞ ማን አነሣብሽ? ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምትመጣው። ዲዳ ነው የምትመስለን። እኛ ደግሞ ሰይጣኖች ነን፣ እሷን ማናገር ውድድር ነበር። አንዱ እንቁራሪት ገንዳው ውስጥ ይጨምርባታል፣ አንዱ ከኋላዋ ሄዶ ይጮኽባታል። የሁሉም አለቃ እኔ ነኝ። አንድ ቀን የቀዘቀዘ ውኃ በጣሳ ሞልቼ አናቷ ላይ ደፋሁባት፤ አሁንስ ትጮኻለች ብዬ። ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና የእኔን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። ተገልብጦ ኖሯል።» ሳቋ ትንሽ ቀዘቀዘ። «አቤት እኔ! እሷ አልተቆጣች፣ እኔ ደግሞ ተናድጄ አለቀስኩ። በሠርጌ ቀን መጥታ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ በሩ ጥግ ቆማ። ፎቶ አንሺውን ያቺን ሴትዮ ገለል አድርግልኝ አልኩት። እሱ ሳይደርስባት ራሷ ገለል አለች።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። ከቦርሳዋ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት አውጥታ፣ የድንቹን ልጣጭ በእጇ ገለል አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት፤ መሰላሉን፣ ፈሶ የጠፋውን ስም፣ የትንሿን ጣት አሻራ፣ ቃል እንዳትተነፍሺ የተባለውን፣ ገንዳው አጠገብ በከፍተኛ ድምፅ ይወራ የነበረውን። የነገረቻት እንደመጣላት ነው፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አለችው። እናቷ አላቋረጠቻትም። ይህች ሰው ሲናገር ከአፉ ነጥቃ የምትጨርስ ሴት አንድ ቃል ሳትናገር ቢላዋውን እንደያዘች ሰማች። ሲያልቅ እጇን ዘርግታ ሬዲዮኑን አጠፋችው።

የላይኛው ፎቅ ልጆች ሲሯሯጡ፣ የጎረቤት ውኃ በቧንቧው ውስጥ ሲወርድ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ እንድታለቅስ ጠበቀች፣ እንድትጮኽ ጠበቀች፤ አክስትዬዋን እንድትረግም ጠበቀች። እናቷ ወረቀቱን ብቻ ታያለች። ሲቆይ ቀና አለችና፣ «ድምፅዋን የሰማ ሰው አለ?» አለች።

«ምን?»

«ድምፅዋን። ስትናገር። በሕይወት ካለ ሰው ማን ሰምቷታል?»

ልብስ ሰፊዋ አሰበች። አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስልኩን ደውላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ በመካከላቸው አስቀመጠችው። ረጅም ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ?» አሉ አክስትዬዋ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ።» የእናቷ ድምፅ የተረጋጋ ነበር። «ልጄ ነግራኛለች። ለጠብ አይደለም የደወልኩት። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ስትናገር ሰምተሻታል?»

«አንድ ቀን ብቻ፤» አሉ አክስትዬዋ። «በር ኋላ የቆምኩ ዕለት። አባባ ሁሉንም ነገር ነግረዋት ሲጨርሱ።»

«ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እሺ ብቻ።»

እናቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «እንዴት አድርጋ? እያለቀሰች ነው? ቀስ ብላ ነው? ቀጭን ነው ወፍራም? እስቲ አስታውሺ እታለም፣ እስቲ እንደሷ በይልኝ።»

«እህቴ፤» አሉ አክስትዬዋ፤ በዚህ ስም ጠርተዋት አያውቁም። «ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው እኮ። ቃሉን ነው የማስታውሰው። ድምፁ ጠፍቶብኛል። ልዋሽሽ አልችልም።»

«ግድ የለም፤ ደህና እደሪ፤» አለችና እናቷ ስልኩን ዘጋችው። ነገ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀች፤ በአራት ሰዓት አለቻት ልጇ። ጥቁሩን ቀሚስ ተኩሺልኝ አለቻት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። የመስኮቱ ብርሃን እየደበዘዘ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ መብራት ለማብራት ብድግ አለችና መልሳ ተቀመጠች።

«እሺ፤» አለች እናቷ፣ ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ ያናገረቻት መስሏት ዘወር አለች። እናቷ ግን ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ጆሮዋን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋ የምትሰማ ትመስላለች። ራሷን ነቀነቀች። አቅጥና፣ እንደ ልጅ እግር ሴት፣ «እሺ፤» አለች። እሱንም አልወደደችውም። ትንፋሽ ቀላቅላ ሞከረች። ድምፅዋን ወደ ሆዷ መልሳ ሞከረች። ልብስ ሰፊዋ እዚያው፣ ግማሹ ከተላጠው ድንች ማዶ፣ አፏን በእጇ ይዛ ተቀምጣ ትሰማለች። እናቷ ከንፈሯን አረጠበችና እንደገና ጀመረች።

«እሺ… እሺ… እሺ።»